ይሉኝታን ወደብ ላይ ጥላችሁ ግቡ፦ በትለር ያለው የመርከብ ስዊት ለማን ይሆናል?

እናቴ 70 ዓመት ሲሞላት ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልንወስዳት ተስማማን። ከእህቶቼ ጋር አዋጥተን ስዊት፣ ማለትም ሰፊና ውድ የሆነ ክፍል፣ ያዝን። ስዊቱ በትለር፣ ማለትም የክፍሉን እንግዶች የሚታዘዝ አስተናጋጅ፣ ነበረው። ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው አንኳኳ። ስሙን ነገረን። ፈገግ ብሎ "ምን ልታዘዝ?" አለ። እኛም በአንድ ድምፅ "ምንም፣ እናመሰግናለን" አልነው።

በማግስቱም መጣ። አሁንም ምንም። በሦስተኛው ቀን እናቴ አሳዘናት መሰለኝ፣ ከሻንጣዋ ቆሎ አውጥታ ዘገነችለት። በአምስተኛው ቀን የኢንተርኔት ሂሳብ ተሳስቶብኝ እንግዳ መቀበያው ጋ 40 ደቂቃ ተሰለፍኩ። ስመለስ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። "ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? አንድ ስልክ ነበር እኮ" አለኝ። ቅር ብሎታል። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ገንዘብ የከፈልንበትን ሰው በጨዋ ደንብ ስናባርር ነው የከረምነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ስዊት ውስጥ ዝም ላለ ግን ቡናም አይገባለትም።

ከዚያ ወዲህ በሌሎች መርከቦችም ተጉዣለሁ፤ ጓደኞቼንም ሳማክር ቆይቻለሁ። አሁን ሰው "የቱ መርከብ ይሻላል?" ብሎ ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰው ማዘዝ ይሆንላችኋል ወይ? የመርከቡ ምርጫ ከዚህ መልስ በኋላ ነው የሚመጣው።

በትለሩ ማን ነው?

በድሮ ጊዜ በመኳንንት ቤት አሳላፊ ነበር፣ እልፍኝ አስከልካይም ነበር። አሳላፊው ምግብና መጠጥ ያቀርባል። እልፍኝ አስከልካዩ ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይቆይ የሚለውን ይይዛል። የመርከብ በትለር የሁለቱ ድብልቅ ነው ብትሉ ብዙ አልራቃችሁም። አልጋ የሚያነጥፈው፣ መታጠቢያ ቤት የሚያጸዳው ሌላ ሰው ነው። በትለሩ ሻንጣ ይፈታል፣ ያስራል። ልብስ ወስዶ አስተኩሶ ይመልሳል፣ ጫማ ያስወለውላል። ምግብ ቤት ቦታ ያስይዛል። ራት ክፍላችሁ ውስጥ በየተራ ያቀርባል። ሚኒባሩን (የክፍሉን የመጠጥ ማቀዝቀዣ) እንደ ፍላጎታችሁ ይሞላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመርከቡ ሌሎች ክፍሎች ጋር በእናንተ ፈንታ ይጨቃጨቃል። እኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄኛው ነው ባይ ነኝ።

የመተኮሱን ነገር አትናቁት። ካውያ ይዞ መርከብ መግባት ክልክል ነው፤ እሳት ይፈራል። ስለዚህ ጥልፍ ያለው የአበሻ ቀሚስ ይዛችሁ ከሄዳችሁና ሻንጣ ውስጥ ከተጨማደደ፣ በትለር የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ልብሱን ለላውንደሪ ሰጥቶ እየከፈለ ይጠብቃል።

ኮንሲየርጅ ግን ሌላ ነው። ኮንሲየርጅ ጥያቄያችሁን ተቀብሎ ጉዳይ የሚጨርስ ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል፤ እናንተ ትሄዱለታላችሁ። በትለር ወደ እናንተ ይመጣል። ማስታወቂያ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ስለሚታዩ ሰው ይሸወዳል። ለምሳሌ ሆላንድ አሜሪካና ዲዝኒ የተባሉት የመርከብ ኩባንያዎች ለስዊት እንግዶቻቸው ኮንሲየርጅ አላቸው፣ በትለር ግን የላቸውም። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት የትኛውን እየገዛችሁ እንደሆነ እወቁ ለማለት ነው።

ለሁሉም በትለር፣ ወይስ ለላይኛው ክፍል ብቻ?

ሲልቨርሲ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ነገሩን ቀላል አድርጎታል። ከትንሹ ስዊት እስከ ትልቁ፣ ሁሉም በትለር አለው። መርከቦቹ ትንንሽ ናቸው። ከትልልቆቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የገባው ሲልቨር ኖቫ፣ 728 ሰው ነው የሚይዘው። መጠጡም ቲፑም ዋጋው ውስጥ ተካቷል። ለይሉኝተኛ ሰው ከሁሉም የሚመቸው ይሄ ይመስለኛል፤ ምክንያቱ ደግሞ የወይኑ ጥራት አይደለም። ሁሉም እንግዳ በትለር ሲኖረው ማዘዝ የትልቅ ሰው ነገር መሆኑ ይቀራል። ጎረቤታችሁ ቁርሱን ክፍሉ ሲያስመጣ ታያላችሁ፤ እናንተም ታስመጣላችሁ። ችግሩ ዋጋው ነው። ከመነሻውም ውድ ነው። ደግሞ ፀጥ ያለ መርከብ ነው፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ በሁለተኛው ቀን "መቼ ነው የምንወርደው?" ይሏችኋል።

ሪጀንት ሰቨን ሲስም ስዊት ብቻ ያለው ድርጅት ነው፤ ቲፑም ተካቷል። በትለር የሚሰጠው ግን ፔንትሃውስ ስዊት ከሚባለው ደረጃ ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለው "ኮንሲየርጅ ስዊት" የተባለው ስሙ ቢያምርም በትለር የለውም። ኦሺኒያ የተባለው ኩባንያም እንደዚሁ ከፔንትሃውስ ጀምሮ ነው። ኦሺኒያ በምግቡ ነው የሚታወቀው፤ በትለሩ የምግብ ቤቶቹን ራት ክፍላችሁ ድረስ በየተራ ያመጣላችኋል። ምግብ ለምትወዱ፣ ሕዝብ መሃል መቀመጥ ግን ለምትጠሉ ጥሩ ነው። እንግዲህ ሪጀንትም ኦሺኒያም ኖርዌጂያን የሚባለው የመርከብ ድርጅትም ባለቤታቸው አንድ ኩባንያ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የአንዱ ደንበኛ ከሆናችሁ ስለ ሌላውም ጠይቁ።

እነዚህ ሁለቱ ጋ የምመክረው አንድ ነገር አለ። በትለር ለማግኘት ብቻ አንድ ደረጃ ከፍ አትበሉ። የሚሰፋውን ክፍል ከፈለጋችሁት እሺ። ካልሆነ ግን ሪጀንት ላይ የታችኛው ስዊት እንግዳም ቢሆን በደንብ ነው የሚስተናገደው፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማችሁም።

ትልቅ መርከብ ውስጥ ትንሽ መርከብ

አሜሪካ ያሉት አበሾች በብዛት የሚሄዱት ከማያሚና ከአካባቢው በሚነሱት ግዙፍ መርከቦች ነው። ልጆች አሉ፣ ዘመድ አለ፣ አሥራ አምስት ሰው ሆኖ መሄድ አለ። እዚህ ነው ኖርዌጂያን "ዘ ሄቨን"፣ ኤምኤስሲ የተባለው ኩባንያ ደግሞ "ያት ክለብ" የሚሉት ነገር የሚመጣው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስትና አራት ሺህ ሰው በጫነ መርከብ ላይ በካርድ የሚከፈት የተለየ ሰፈር አለ። የራሱ ምግብ ቤት፣ ሳሎን፣ ፀሐይ መሞቂያ አለው። በትለርና ኮንሲየርጅም አለው። ልጆቹ ወደ ውሃ ሸርተቴው ይሄዳሉ፣ እናት በሰላም ትተኛለች።

ሁለቱን ሳወዳድር ልዩነቱ ከሚታየው በላይ ነው። ያት ክለብ እ.ኤ.አ. በ2008 ፋንታዚያ በተባለችው መርከብ የተጀመረ ሲሆን መጠጡና ኢንተርኔቱ ዋጋው ውስጥ ነው። በትለሮቹ ደግሞ ሰው መሸኘት ያውቁበታል። ወደብ ላይ ተቀብለው ያስገቧችኋል፤ ቲያትር ቤት ድረስ ይዘዋችሁ ሄደው ያስቀምጧችኋል፤ ስትወርዱም በሕዝቡ መሃል መንገድ ይከፍታሉ። ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይህ ወርቅ ነው። ሄቨን ላይ ክፍሎቹ ለቤተሰብ ይመቻሉ፤ ሁለት መኝታ ቤት ያላቸውም አሉ። መጠጡ ግን እንደየቅናሹ ነው፤ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ስትገዙ መስመር በመስመር አንብቡ።

ሄቨን ላይ ሰው የሚሳሳተው ቲፕ ላይ ነው። በየቀኑ ለአንድ ሰው 25 ዶላር አካባቢ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥባችኋል። "እንግዲህ በትለሩንም ከፍያለሁ" ትላላችሁ። አልከፈላችሁም። በኩባንያው ደንብ በትለርና ኮንሲየርጅ ከዚያ ገንዘብ ተካፋይ አይደሉም። ለእነሱ በእጅ ነው የሚሰጠው። ይህን ሳታውቁ ሳምንት ሙሉ አገልግሏችሁ በባዶ እጁ ብትለዩት ያሳፍራል።

ዱባይና ዶሃ ላላችሁት ያት ክለብ ቅርባችሁ ነው። ኤምኤስሲ በፈረንጆች ክረምት ወራት ወደ ባሕረ ሰላጤው መርከብ ሲልክ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ግን መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች ሁሉ አንድ በአንድ አጣሩ። በትለር ቪዛ አያወጣም።

ሮያል ካሪቢያን ደግሞ የተለየ መንገድ ይዟል። በትለር አይለውም፣ "ሮያል ጂኒ" ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ትልልቆቹ መርከቦች ላይ ስታር ክላስ የተባሉትን ውድ ስዊቶች ለያዘ ሰው የሚመደብ ነው። ጂኒው ጫማ በማስወልወል አይታወቅም። የሚታወቀው ሰልፍ በማሳለፍ ነው። ለጨዋታው፣ ለትርዒቱ፣ ለምግቡ ከፊት ያስገባችኋል። ከጉዞው በፊትም በኢሜይል ምን እንደምትወዱ ይጠይቃል። አይከን ኦቭ ዘ ሲስ የተባለው መርከቡ ሁለት ሁለት ሰው በክፍል ሲቆጠር እንኳ 5,610 ሰው ይይዛል። እዚያ ላይ ሰልፍ የሚያሳልፍ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እዚያው መርከብ ላይ ሦስት ፎቅ ያለው፣ ከላይ ወደ ታች በሸርተቴ የሚወረድበት የቤተሰብ ስዊት አለ። ዋጋውን ያየሁ ቀን ሳቅኩ።

ጂኒው ልጆች ላሉትና ቀኑን ሙሉ ለሚሯሯጥ ቤተሰብ ነው። ለእናቴ አይሆናትም። እናቴ ሰልፍ የሚያሰኝ ነገር መች ትፈልጋለች?

ባሕር ላይ ብቻ ከሆነ

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር መንገዱን ነው። በትለር የሚጠቅማችሁ መርከቡ ላይ ስትውሉ ነው። ሜዲትራኒያን ላይ በየቀኑ ወደብ ካለ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥታችሁ ማታ ደክማችሁ ትመለሳላችሁ። በትለሩ ባዶ ክፍል ሲጠብቅ ይውላል። እንዲህ ላለው ጉዞ እኔ በረንዳ ያለው መደበኛ ክፍል ይዤ የቀረውን ገንዘብ ከተማ ላይ ባጠፋው እመርጣለሁ።

የዚህ ተቃራኒ ኩናርድ የተባለው ኩባንያ ነው። ኩዊን ሜሪ 2 የተባለችው መርከቡ ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ በ7 ሌሊት ትደርሳለች። መሃል ላይ ወደብ የለም። ውሃ ብቻ። ወደ ኒውዮርክ ስትሄዱ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ 25 ሰዓት ያላቸው ቀኖች ታገኛላችሁ፤ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው ስጦታ ነው። በትለር ያለው ኩዊንስ ግሪል የተባለው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ፕሪንሰስ ግሪል የራሱ ምግብ ቤት አለው፣ በትለር ግን የለውም። ምሽት ላይ ልብስ የሚጠበቅበት መርከብ ስለሆነ የመተኮሱም የጫማውም ነገር እዚህ ትርጉም አለው። በጂንስ መዋል ለሚወድ ግን ይከብደዋል።

ሂሳቡን እንስራ

እንበል በረንዳ ያለው ክፍል ለአንድ ሰው ለሳምንት 1,500 ዶላር ነው። ስዊቱ 4,000። ልዩነቱ 2,500 ነው። ስዊቱ መጠጥ ካካተተ 500 ዶላር ቀንሱ። ኢንተርኔቱን 150፣ ሁለት ጊዜ ልዩ ምግብ ቤት መብላቱን 120 በሉ። የሚቀረው 1,730 ነው። ለሰባት ሲካፈል በቀን ወደ 250 ዶላር ይመጣል። ለሰፊ ክፍልና ለበትለር የምትከፍሉት እሱን ነው።

ግን ሐቀኛ ሁኑ። እናቴ ከውሃ፣ ከሻይና ከቡና ውጭ አትጠጣም። ለእሷ የመጠጡ 500 ዶላር ዜሮ ነው። የሻጮቹ ሂሳብ ሁልጊዜ ሁሉም ሰው ማታ ማታ ስድስት ኮክቴል የሚጠጣ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

ስትገዙ ለሽያጭ ወኪሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። አንዱ በትለር ስንት ስዊት ይይዛል? በመርከብና በመርከብ መካከል ይለያያል። ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ የነበረው ልጅ ትጉህ ነበር፤ ግን የተሰጠው ስዊት በዝቶበት ሲሮጥ ነው የማየው። ቡናዬ በየቀኑ ቀዝቅዞ መጣ። በእሱ አልፈረድኩም። ወኪሉ "አላውቅም" ካላችሁ ግን ጠይቆ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

ስለ ጾም፣ ስለ ቡና፣ ስለ ሰዓት

የምትጾሙ ከሆነ በትለሩን ሳይሆን ኩባንያውን ከጉዞው ወራት ቀድማችሁ ንገሩ። የምግብ ፍላጎት ቀድሞ ነው የሚመዘገበው። "ቬጂቴሪያን" አትበሉ፤ አይብና ቅቤ ተሞልቶ ይመጣላችኋል። "ቪጋን" በሉ፣ ከዚያም "ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለም" ብላችሁ ዘርዝሩ። ዓሣ ትበሉ እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩ፤ እዚህ ላይ እኛም ራሳችን ቤት አንስማማም። ሐላል የምትፈልጉም እንደዚሁ ቀድማችሁ አስመዝግቡ። ከገባችሁ በኋላ በትለሩ ያንን ከወጥ ቤቱ ጋር የሚያረጋግጥ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን አስጠርታችሁ አንዴ በደንብ አስረዱት፤ ከዚያ በየጠረጴዛው ከማስረዳት ትገላገላላችሁ።

ጀበናና ከሰል ቤት ይቅር። ዕጣንም ሻማም ክልክል ነው፤ ይኸው የእሳቱ ነገር ነው። በየጠዋቱ የሚመጣ ቡና ግን እዘዙ፤ ምን ያህል መጥቆር እንዳለበትም ንገሩ። ካላስረዳችሁ ለሰስ ያለ ነገር ነው የሚያመጡት።

ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። እናቴ "ቡናዬን ከጠዋቱ 1 ሰዓት" አለች። እኔም እንቅልፍ ላይ ሆኜ በእንግሊዝኛ "አንድ ሰዓት" ብዬ ተረጎምኩ። ቡናው በፈረንጆቹ አንድ ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ መጣ። እናቴ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብቃ አንድም ቃል አልተናገረችም። ይሉኝታ!

የመጀመሪያው ቀን ነው ሁሉንም የሚወስነው። በትለሩ ራሱን ሊያስተዋውቅ ሲመጣ ወረቀት ይዛችሁ ጠብቁት። የቡና ሰዓት፣ የሚተኮሱት ልብሶች፣ ሚኒባር ውስጥ የማትፈልጉት መጠጥ ወጥቶ ምን ይግባ፣ የትኛው ምሽት ክፍላችሁ ውስጥ ትበላላችሁ፣ ለእናታችሁ ስንት ትራስ። በአማርኛ ስናስበው ማዘዝ ይመስላል። እሱ ግን በዚህ ነው የሚደሰተው፤ ሥራውን አስቀድሞ ያደራጃል። በየሰዓቱ መደወል ግን ይሰለቻል። የማይሆን ነገርም አለ። ልጅ አይጠብቅም፣ ከወደብ ውጭ ገበያ አይላላክም፣ የመርከቡን የጥንቃቄ ደንብም አይጥስላችሁም።

በመጨረሻው ማታ ሻንጣ ያስሩልን ብትሉ ያስራል። እኛ አበሾች ሌላ ሰው ሻንጣችንን ሲነካ ደስ አይለንም፤ እኔም እስካሁን ራሴ ነው የማስረው። ግን የመውረጃውን ሰልፍ እሱ እንዲያሳልፋችሁ ጠይቁ።

ጉርሻውን በተመለከተ፣ ቲፕ የተካተተበት መርከብ ላይ ግዴታ የለባችሁም፤ ብትሰጡ አይከፋም። ያልተካተተበት ላይ ግን ገንዘቡን ከቤት ስትወጡ ለይታችሁ ያዙ፤ መርከብ ላይ ዝርዝር ብር ማግኘት ያሰለፋል። እኔ ትንሽ በሁለተኛው ቀን፣ ቀሪውን በፖስታ አድርጌ በመጨረሻው ማታ እሰጣለሁ። ጠዋት ላይ ፋታ የለውም፤ ሻንጣ በማስወረድ ይጠመዳል። ጉዞው ሲያልቅ በኢሜይል በሚመጣው መጠይቅ ላይ ደግሞ ስሙን በትክክል ጻፉለት። አለቆቹ ያንን ያነባሉ፤ ለቀጣዩ ኮንትራቱ ይቆጠርለታል። ፊደሉን እንዳትሳሳቱ ደረቱ ላይ ካለው ባጅ ቀድታችሁ ያዙ። እናቴ የመጀመሪያውን ልጅ ስም አሁንም ድረስ ታስታውሳለች፤ ስልክ ቁጥሩን ሳትቀበለው በመቅረቷ እኔን ነው የምትወቅሰው።